ዛፍ ለማየት ጎጃም ውስጥ የት እንሂድ? የደብር ዐፀድ፣ ዘጌ፣ ዘንገናና ጮቄ ሲነጻጸሩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር፣ አክስቴ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። «የልጅ ልጆቼን ይዤ ልመጣ ነው። ከባሕር ዛፍ ሌላ የሚያውቁት ዛፍ የለም፤ የአገራቸውን ዛፍ እንድታሳያቸው እፈልጋለሁ» አሉኝ።

ለደብረ ማርቆስ ልጅ ይህ የሚከብድ ጥያቄ አልመሰለኝም ነበር። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ከበደኝ። አክስቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ትልቁ ልጅ 14 ዓመቱ፣ ትንሿ ገና 6 ዓመቷ ነው። ያላቸው ጊዜ ሦስት ቀን ነው። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ደግሞ የየራሱን ይመክራል። አንዱ «ዘጌን ሳያዩ ጎጃምን አየሁ ማለት አይቻልም» ይላል፤ ሌላው ጮቄን ያነሳል፤ ሌላው «ዘንገና መንገድ ዳር እያለልህ ምን ያደክምሃል?» ይላል። የሁሉም ምክር እውነት አለው። የትኛው ለማን እንደሚስማማ የነገረኝ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ስለሚመጣብኝ፣ አራቱንም ደጋግሜ የሄድኩባቸውን ቦታዎች በአንድ ሚዛን አስቀምጬ ለመጻፍ ወሰንኩ።

በሌላው ዓለም አንዳንድ ትናንሽ ከተሞች ሳይቀሩ አርቦሬተም የሚባል ቦታ አላቸው። ዛፉ በየዓይነቱ ተተክሎ፣ ስሙ በቆርቆሮ ላይ ተጽፎ፣ ለጎብኚ ክፍት ሆኖ ይቆያል። እንዲህ በስም በስሙ የተሰናዳ ቦታ የምትሹ ከሆነ አዲስ አበባ የሚገኘው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ይሻላችኋል። እዚህ የማወራው ስለ ሌላ ዓይነት ቦታ ነው። የጎጃም አሮጌ ዛፍ የቆየው ደብሩ ስለጠበቀው፣ ገዳሙ መጥረቢያና ሞፈር ስለከለከለ፣ ወይም መሬቱ ለእርሻ ስላልተመቸ ነው። የዛፉን ስም የሚነግራችሁም ቆርቆሮ ሳይሆን ሰው ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ስድስት ነገር ጠይቁ። አንደኛው የዛፉ ዓይነትና ዕድሜ ነው። አገር በቀል ነው ወይስ በቅርቡ የተተከለ? ብዙ ዓይነት አለው ወይስ አንድ ዓይነት ብቻ ነው? ሁለተኛው አብሯችሁ የሚሄደው ሰው ጉልበት፣ ሦስተኛው ወቅቱ፣ አራተኛው ገንዘቡ የሚወጣበት ነገር ነው፤ ለጀልባ የሚወጣ ብርና ለነዳጅ የሚወጣ ብር አንድ አይደለም፤ ጀልባን ሰው ይጋራዋል። አምስተኛው የመግቢያ ሥርዓት ነው፤ በተለይ ሴቶች ይገባሉ ወይስ አይገቡም የሚለው ከመሄድ በፊት መታወቅ አለበት።

ስድስተኛውን ከሁሉም አስበልጣለሁ፦ የዛፉን ስም የሚነግራችሁ ሰው አለ? ያለ ነጋሪ ደን ውስጥ መግባት ማንበብ ሳይችሉ ብራና እንደ መግለጥ ነው። ሁሉም አረንጓዴ ይሆንና ልጆቹ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይሰለቻሉ።

አንድ ተጨማሪ ምልክት ልንገራችሁ። ደን ውስጥ ስትገቡ ሽቅብ ብቻ አትዩ፤ ቁልቁልም ተመልከቱ። ከግንዱ ሥር የዚያው ዛፍ ችግኝ አለ? ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ቆመው ሥራቸው የተላጨ መሬት ከሆነ፣ ያ ደን ውበቱ ባይጠፋም ተተኪ የለውም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከብት ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከጣና ማዶ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ ባደረጉት ጥናት የከብት መግባት ለችግኝ ምን ያህል ጠንቅ እንደሆነ አሳይተዋል። ከዚያም ቀሳውስቱና ገበሬው ከእርሻ ላይ የለቀሙትን ድንጋይ እየካቡ ደኑን በካብ ማጠር ጀመሩ። ጎጃምም ውስጥ የታጠረና ያልታጠረ ዐፀድ ጎን ለጎን ስታዩ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታገኙታላችሁ።

የደብር ዐፀድ፦ ደብረ ማርቆስና አካባቢው

ብዙ ሰው ይህን እንደ አማራጭ አይቆጥረውም። እኔ ግን ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የንጉሡ ቤተ መንግሥትም እዚያው ከተማው ውስጥ ስላለ ታሪክና ዛፍ በአንድ ጠዋት ይያዛሉ። የማርቆስ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ አብማ ማርያም ከመሐል ከተማ በእግር ወይም በባጃጅ የሚደረስባቸው ናቸው። ከከተማው ወጣ ስትሉ ደግሞ በየገጠሩ ከሩቅ ክብ ሆኖ የጠቆረ ደን ካያችሁ፣ መሐሉ ላይ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አለ ማለት ነው። ዙሪያው እርሻና ባሕር ዛፍ ሆኖ እሱ ብቻ ሌላ ቀለም አለው።

በደጋው ዐፀድ ውስጥ የሚጠበቁት ዛፎች ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ብሳናና ወደ ወይና ደጋው ሲወርዱ ደግሞ ዋንዛ፣ ሾላና ዋርካ ናቸው። ሁሉም በሁሉም ደብር አይገኙም። ሦስቱን አጥርቶ የለየ ልጅ ግን ዕድሜ ልኩን አይረሳቸውም።

አክስቴን ይዤ የሄድኩት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ተበትኗል። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ ልጆቹን አዩና «ከየት መጣችሁ?» አሏቸው። አክስቴ ነገሯቸው። አባ ተነሡና ከአንድ ወይራ ላይ ወድቃ የነበረች ቅጠል አንሥተው ለትንሿ ሰጧት። «እዪያት እስቲ፣ ምን ትመስላለች?» «አረንጓዴ ናት።» «አሁን ገልብጪያት።» ገለበጠቻት። ጀርባዋ ወርቅማ ቡናማ ነው። ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። «በፊቷ ሌላ፣ በጀርባዋ ሌላ የሆነች ቅጠል ካየሽ ወይራ ናት። የእናትሽን የጠላ ጋን የምታጥነው፣ የእኔንም መቋሚያ ያወጣችው እሷ ናት» አሏት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ያገኘችውን ቅጠል ሁሉ ስትገለብጥ ዋለች።

እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ቦታ በገንዘብ አይገዛም። ጥቂት መለያዎችን እኔም ልጨምር። የአገራችን ጥድና የፈረንጅ ጥድ ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ ፍሬያቸውን ተመልከቱ። የአገሩ ጥድ ፍሬ ሽንብራ የምታህል፣ ለስላሳ፣ ወደ ሰማያዊ የጠቆረች ናት። የፈረንጁ ደግሞ እንጨት የሆነ ክብ ነገር ሆኖ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የአገሩ ጥድ እንጨት እርሳስ ይሠራበታል፤ ይህን ለተማሪ ስትነግሩት ዛፉን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። ኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፍ አለው። ለመድኃኒት ስትፈለግ የኖረችው የሴቴዋ አበባ ናት፤ ዘለላዋ ቀላ ብሎ ይንዠረገጋል። ዋንዛ ነጭ አበባው ሲፈካ ንብ ይወረዋል፤ ከበሮና የበር ሳንቃ የሚወጣው ከእሱ ነው።

ወጪው ከሁሉም ያነሰ ነው። ባጃጅና ለቤተ ክርስቲያኑ የምትሰጡት ስጦታ ብቻ ነው። ጉልበት አይጠይቅም፤ አክስቴ አንዱ ጥላ ሥር ኩርሲ ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ አልሰለቻቸውም። ጉድለቱን ግን አልደብቅም። ዐፀዱ ብዙውን ጊዜ ጠባብ ነው፤ «ደን ውስጥ ገባሁ» የሚያሰኝ አይደለም። በዓል ቀን ከመጣችሁ ሰው እንጂ ዛፍ አታዩም። ነጋሪም ሁልጊዜ አይገኝም፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ገበዙን ወይም አስተዳዳሪውን አናግሩ። ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታውጡ፤ ቅጠል ከዛፉ ላይ አትበጥሱ፤ የወደቀው ይበቃል።

አንድ ልብ የምትሉት ነገርም አለ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በየደብሩ ዐፀድ ውስጥ ብቻውን ግንድ ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ የቆሎ ተማሪ ካያችሁ ቅኔ እየቆጠረ ነው። ዛፉ ለእሱ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ነው። በሌላ በኩል ዞራችሁ እለፉ።

ዘጌ፦ በጀልባ የሚደረስበት የቡና ደን

ዘጌ ከጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ አፋፍ ወደምትባለው ትንሽ ከተማው በመኪናም ይደረሳል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ሲመዘገብ ይህ ደን ከዚያው ክልል ውስጥ ነው።

በስፋትና በጥልቀት ከአራቱ የሚስተካከለው የለም። ደኑ የተጠበቀበት ምክንያትም ራሱ ታሪክ ነው። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ሆኖ ኖሯል። አባቶች ሲተርኩ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸው ከሦስት ተሰብራ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለባት ይላሉ። ሰዉም ዛሬ ድረስ የሚኖረው በእነዚሁ ነው። ሞፈርና ከብት በሌሉበት ምን እንደሚሆን ለማየት ቁልቁል ተመልከቱ፤ መሬቱ በችግኝ ተሸፍኗል። ከላይ ስለ ተተኪ ያነሣሁትን መመዘኛ ዘጌ ያለ ጥርጥር ያልፋል።

ቡናው ከሥር ነው፤ ከላይ ዋንዛ፣ ሾላ፣ ብርብራና ሌሎች ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሆነውታል። ብርብራን አስጎብኚው እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ጠፍጣፋ ረጅም ቆባ አለው። ፍሬው ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣ ያሰክራል፤ የጥንት ዓሣ አጥማጆች ያውቁታል። ጥቅምትና ኅዳር ቡናው የሚቀላበት ወቅት ስለሆነ በየደጁ ሲሰጣ ታያላችሁ። ጦጣም አይጠፋም፤ ምግብ አትስጧቸው።

ከገዳማቱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሄደው ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ነው። መቅደሱ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል፤ ዕቃ ቤቱ ዘውድና ብራና ያሳያል። ከጀልባው ወርዳችሁ ግን በቡናው መካከል ዳገት አለ፤ ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ በላይ ይወስዳል። ለወጣት ይህ መንገድ ራሱ ጉብኝቱ ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን አይመከርም፤ ድንጋዩ ያዳልጣል። አክስቴን ወደ አዝዋ ማርያም ወሰድኳቸው። ከሐይቁ ዳር ቅርብ ነው፤ ሥዕሉም ዛፉም አለው። ይህን ልዩነት ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ተነጋገሩበት። አንድ ጊዜ የተከራየሁት ጀልባ ባለቤት ያልተስማማንበት ቦታ አውርዶን፣ ሽማግሌ እንግዳዬ ዳገቱን ግማሽ ድረስ ወጥተው ተመልሰዋል። የት እንደምትወርዱ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁና ዋጋው የደርሶ መልስ መሆኑን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ሴቶች ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ይገባሉ። በሐይቁ ላይ ያሉት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለሴት የተከለከሉ ናቸው። ጀልባ የሚያከራዩት አንዳንዴ ሁሉንም በአንድ ዋጋ ጠቅልለው ስለሚያቀርቡ፣ ከቡድናችሁ ግማሹ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ እንዳይቀር ጠይቁ።

ወጪው ከባድ የሚሆነው በጀልባው ነው። አንድ ሰው ብቻውንም ቢሄድ ስምንት ሆነውም ቢሄዱ የጀልባው ዋጋ ብዙም ስለማይለይ ሰው አሰባስቡ። እያንዳንዱ ገዳም የየራሱ መግቢያ አለው፤ ሁለት ገዳም ካያችሁ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሣና ሐይቁ ይናወጣል፤ ውኃ የሚፈሩ ልጆች ይጨነቃሉ።

ዘንገና፦ መንገድ ዳር ያለው ሐይቅና ደን

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ቡሬን አልፋችሁ እንጅባራ ከመድረሳችሁ በፊት ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፤ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው። ዙሪያውን ደን ከቦታል። ለብቻው ዓላማ አድርጎ ከሩቅ መምጣት አያስፈልግም፤ በመንገድ ላይ ላለ ሰው ግን ያለ ወጪ የሚገኝ በረከት ነው።

የዘንገና ጥቅም ለእኔ ሌላ ነው። እዚያ ስትደርሱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያያችሁትን ከሐይቁ ዳር ካለው ጋር አነጻጽሩ። ዘንገና ባለበት በአዊ ዞን ውስጥ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር በማሳው ላይ በሰፊው ተክሏል። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይዘራል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ደርሶ ለከሰል ይቆረጣል፤ እንደገና ይተከላል። ብዙ ቤት በዚህ ኑሮው ተቃንቷል። በሽታ ሲገባበት ያየ ገበሬ ግን በአንድ ዛፍ ብቻ መኖር ምን እንደሆነ ያውቃል። ተራራው ሁሉ አንድ ቀለም፣ አንድ ቁመት ነው። የዘንገና ደን ውስጥ ግን አንድ ቦታ ቆማችሁ ዞር ብትሉ የማይመሳሰሉ ቅጠሎች ታያላችሁ። 14 ዓመት የሆነው ልጅ ይህን ሳላስረዳው ራሱ ነው የተናገረው፦ «እዚያ ሁሉም እኩያ ነው፤ እዚህ ግን አያትም ልጅም አለ።»

ጉልበት ብዙ አይጠይቅም፤ አፋፉ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ወደ ውኃው መውረጃው ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ሐይቁም ከዳሩ ጀምሮ ጥልቅ ስለሆነ ትንንሽ ልጆችን እጃቸውን ያዙ። ነጋሪ እዚህ ማግኘት ይከብዳል፤ ከእንጅባራ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ብትመጡ ይሻላል። እንጅባራ ስትገቡ የቀርከሃ ወንበርና ቅርጫት የሚሸጡትን ጎብኙ፤ ደጋው ቀርከሃ ምን እንደሚሠራ በእጃችሁ ትይዙታላችሁ።

ጮቄ፦ ለጠነከረ ሰው

ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የብዙ ወንዞች መነሻ ነው። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ድጓ ጽዮን የሚወስደው መንገድ ያወጣችኋል። እዚህ «ዛፍ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ይለወጣል። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ቀርከሃ፣ ከዚያም አስታና አምጃ የሚባሉት የውርጭ ቁጥቋጦዎች እየታዩ ይሄዱና በመጨረሻ ጅብራ ብቻውን ጓሳ በሚባለው ሣር መካከል ቆሞ ታገኙታላችሁ። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ሲያበዛ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ አብቦ ፍሬውን ከበተነ በኋላ ይሞታል። ቆሞ የደረቀውን ግንድ አጠገቡ ሆኖ ማየት ያሳዝናል፤ ዙሪያውን ያሉትን ትንንሾች ስታዩ ደግሞ ትጽናናላችሁ።

ከሰኔ እስከ መስከረም አትሂዱ። አንድ ነሐሴ ላይ እንግዳ ይዤ ወጥቼ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ያለውን እንኳ ሳናይ ጉም ውስጥ ውለን ተመልሰናል። ብዙ ነዳጅና ሙሉ ቀን ባከነ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ጠዋቱ ግን ውርጭ ነው፤ ጋቢና ኮፍያ ያስፈልጋል። ጠንካራ መኪናና መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር የግድ ነው። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ሐኪም ሳያማክር አታውጡ። የ6 ዓመቷን ልጅ አልወሰድኳትም።

ሌሎቹስ?

ምሥራቁን የምታውቁ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅን፣ መርጡለ ማርያምን ለምን ዘለልካቸው ትሉኝ ይሆናል። ታላላቅ ደብሮች ናቸው፤ መርጡለ ማርያም ላይ የእቴጌ እሌኒ ሕንጻ ፍርስራሽ ብቻውን ለጉዞ ይበቃል። ነገር ግን እዚያ የሚሄድ ሰው በዋናነት የሚሄደው ለታሪኩ ነው፤ ዛፉ ተጨማሪ ነው። ግሽ ዓባይም እንዲሁ። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 የመጡት ምንጩን ሊያዩ ነው፤ ዛሬም ሰዉ የሚሄደው ለጸበሉ ነው። ሁሉም ከመንገዳችሁ ላይ ከሆኑ ግቡ፤ ለዛፍ ብቻ ከሆነ ግን ከላይ ካሉት አራቱ ምረጡ።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | የደብር ዐፀድ (ደብረ ማርቆስ) | ዘጌ | ዘንገና | ጮቄ |
|---|---|---|---|---|
| ዋና ዛፎች | ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ | ቡና፣ ጌሾ፣ ብርብራ፣ ሾላ | የሐይቅ ዳር ቅይጥ ደን | ቀርከሃ፣ አስታ፣ ጅብራ |
| የሚፈጀው ጊዜ | ግማሽ ቀን | አንድ ቀን | ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት | ሙሉ ቀን |
| ጉልበት | በጣም ቀላል | መካከለኛ፤ አዝዋ ማርያም ቀላል | ቀላል፤ ቁልቁለቱ ከባድ | ከባድ |
| ትልቁ ወጪ | ባጃጅና ስጦታ | ጀልባና የገዳም መግቢያ | በመንገድ ላይ ከሆኑ ምንም ያህል አይደለም | መኪናና ነዳጅ |
| ነጋሪ | ካነጋገሩ ይገኛል | በቀላሉ ይገኛል | ይዞ መምጣት ይሻላል | ሾፌር ወይም የአካባቢ ሰው |
| ጥሩ ወቅት | ዓመቱን ሙሉ፤ ከበዓል ቀን ውጪ | ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ጠዋት | ከመስከረም እስከ ግንቦት | ከጥቅምት እስከ ጥር |

የትኛው ለማን?

እጃችሁ ላይ ብዙ ገንዘብ ከሌለና ያላችሁ ግማሽ ቀን ከሆነ ሳታመነቱ ደብር ሂዱ። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም ይህን የምለው። ሦስት ዛፍ በስሙ አውቆ የወጣ ሰው፣ ሠላሳ ዓይነት በጅምላ አይቶ ከወጣ ሰው የበለጠ ይዞ ይሄዳል ብዬ አምናለሁ።

ሽማግሌና ሕፃን አብረው ካሉ ደብሩንና አዝዋ ማርያምን አጣምሩ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለወጣቶቹ ተዉላቸው። ከባሕር ዳር አንድ ቀን ብቻ ያላቸውና ጀልባ የሚጋራቸው ያገኙ ሰዎች ዘጌን አይለፉት። ተማሪ ይዛችሁ የምትመጡ መምህራን ከሆናችሁ ዘንገና ይመቻችኋል፤ አውቶቡስ ይቆምበታል፣ የዲከረንሱና የአገር በቀሉ ልዩነት ደግሞ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ የተዘጋጀ ይመስላል። ጮቄ ተራራ መውጣት ለለመዱ፣ ፎቶ ለሚያነሡና ለአንድ ጅብራ ብለው ሙሉ ቀን ለመስጠት ፈቃደኛ ለሆኑ ነው።

ሦስት ቀን ያለው ሰው እንደ አክስቴ ያድርግ። በመጀመሪያው ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ጠዋት ዐፀዱን፣ ከሰዓት ቤተ መንግሥቱን። በሁለተኛው ቀን 265 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ መሐል ላይ ዘንገና ወርዶ ምሳ መብላት። በሦስተኛው ቀን ማልዶ ዘጌ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ትንሿ ልጅ ዘጌ ስትደርስ ሁለት ቀን ሙሉ ቅጠል ስትገለብጥ ቆይታ ነበርና፣ አስጎብኚውን «ይህስ ስሙ ማን ነው?» እያለች ያስጨነቀችው እሷ ናት። ያለ መጀመሪያው ቀን ይህ አይሆንም ነበር።

ከመነሣታችሁ በፊት

ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። በምትሄዱበት ከተማ ያለ ዘመድ ወይም ሆቴል ደውላችሁ መንገዱ ክፍት መሆኑን በዋዜማው አረጋግጡ፤ ሳይመሽ ግቡ። ወደ ደብርም ወደ ገዳምም ስትገቡ ሴቶች ነጠላ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ፣ ሁሉም በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያድርጉ። መቅደሱ ደጃፍ ላይ ጫማ ስለሚወልቅ በጥር ጠዋት ድንጋዩ ይበርዳል፤ ለልጆች ካልሲ ያዙ። ዝርዝር ብር በኪሳችሁ ይኑር፤ ገዳማቱ መልስ አይኖራቸውም። ለልጆቹ ደግሞ አንድ ያረጀ ወፍራም ደብተር ስጧቸው፤ የወደቀ ቅጠል በገጾቹ መካከል እያስገቡ ከሥሩ ስሙንና የነገራቸውን ሰው ይጻፉበት። የአክስቴ የልጅ ልጆች ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ የወይራ ቅጠል አለ፤ በጀርባዋ ተለጥፋለች፤ ከሥሩ በእርሳስ «አባ» ተብሎ ተጽፏል።